ፒካፗን ማን ይነካታል

ሰፈራችን ውስጥ የፒካፕ ስርቆት የጀመረው በግንበኛው ነው። ሰውየው ዳቦ ሊገዛ ወርዶ፣ ዳቦውን ታቅፎ ሲመለስ ያገኘው አስፋልቱ ላይ የቀረች የዘይት ጠብታ ብቻ ነበር። በሳምንቱ የአትክልት ነጋዴዋ ፒካፕ ተከተለች። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነ። መሪው ላይ ሰንሰለት የሚያስር፣ ጎማ ፈትቶ ቤት ይዞ የሚገባ፣ ጋቢና ውስጥ ውሻ የሚያሳድር ሰው በዛ። ውሻዋም ብትሆን አንድ ቀን በሩን ከፍተው ቢወስዷት አብራ የምትሄድ ዓይነት ነበረች።

የእኛዋ ፒካፕ እንኳን ለስርቆት ለልመናም የምታሳፍር ናት። ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ ነበር ይባላል። የቀኝ በሯ ካልገፉት አይዘጋም፣ ዳገት ስታይ ገና ከሩቁ ታቃስታለች። ቢሆንም ያለ እሷ አንድ ወንበር ከቤታችን አይወጣም። አባታችን በተወልን የእንጨት ሥራ ቤት የምንሠራው ሦስት ነን። ታላቃችን ጋሼ አናጢ ነው። መሀለኛዋ እኔ ሶፋና ወንበር አለብሳለሁ፤ ስፖንጅ፣ ጨርቅና መቀስ የእኔ ግዛት ነው። ማሙሽ ቫርኒሽ ይቀባል፣ ዕቃውንም ለደንበኛ የሚያደርሰው እሱ ነው። ማሙሽ ስላልኩት ልጅ እንዳይመስላችሁ፤ ፂሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። የመጨረሻ ልጅ ሆኖ የተወለደ ሰው ግን ሽበትም አያሳድገውም።

ጋሼና እኔ እሳትና ጭድ ነን። እሱ የወንበር እግር ሲያሳጥር እኔ ስፖንጅ አወፍራለሁ፣ ከዚያ «ማን አዘዘሽ» «ማን አዘዘህ» እንባባላለን። ማሙሽ መሀላችን ባይኖር ኖሮ ይሄኔ እሱ መዶሻ፣ እኔ መቀስ አንሥተን ነበር። ማሙሽ እያፏጨ ይመጣና «እትዬ፣ ጋሼ ስፌትሽን ሲያደንቅ ነበር» ይለኛል። ወደ ጋሼ ሄዶ ደግሞ «እትዬ እኮ እንዳንተ ያለ አናጢ የለም አለች» ይለዋል። ሁለቱም ውሸት ነው። ሁለታችንም ውሸት መሆኑን እናውቃለን፣ ግን ደስ ይለናል።

ይህን ሰው ነው እንግዲህ ከከተማው ዳር ያለው ትልቁ የቤት ዕቃ ፋብሪካ የፈለገው። ዩኒፎርም አለው፣ ደረት ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ አለው፣ ወንድምና እህት የማይነታረኩበት አዳራሽ አለው። ጋሼ ነገሩን ሲሰማ ሂድም አላለ፣ ቅርም አላለ፤ መላጊያውን አንሥቶ ልጎ ያስቀመጠውን ጣውላ እንደገና መላግ ጀመረ። እኔ መቀሴን አስቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር፣ ለሥራው አይደለም የፈራሁት። ማሙሽ የሌለበትን ያን ቤት ሳስበው በረደኝ።

«እስቲ አትሸበሩ» አለን ማሙሽ እየሳቀ። «ፒካፗ እያለች የት እሄዳለሁ? እሷን ማን ይነዳታል? ከሰረቋት ግን በማግስቱ ፋብሪካው በር ላይ ታገኙኛላችሁ።»

እሱ እንደ ቀልድ ነው የተናገረው፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ፒካፗን የሚሰርቅ ሌባ ወንድሜን የሚሰርቅ ሌባ ሆነብኝ።

አባታችን «አንድ ሰው የሚያውቀው ምስጢር ነው፣ ሁለት ሰው የሚያውቀው ወሬ ነው» የሚል ሰው ነበር። ጥርሱን አስነቅሎ መጥቶ እንኳ እናታችን ያወቀችው በሳምንቱ ሲስቅ አይታ ነው። ይሄ ጠባይ ለልጆቹም ተርፏል። ስለዚህ ለማንም ትንፍሽ ሳልል የሰፈራችን መካኒክ ዘንድ ሄድኩና ነዳጅ የሚዘጋ ድብቅ ስዊች እንዲያስርልኝ ለመንኩት። የጋቢናውን ወንበር ያለበስኩት እኔው ነኝና ስዊቿን ከስፌቱ ሥር ቀበርኳት። ቦታዋን የሚያውቅ ሰው በአውራ ጣቱ ሲጫናት ቀጭ ትላለች፤ የማያውቅ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢቀመጥባት አያገኛትም።

«ለማንም እንዳትናገር» አልኩት መካኒኩን፣ «ለወንድሞቼም ቢሆን።»

«እኔ?» አለ፣ እንደ መቀየም ብሎ። «የሰማሁትን ሆዴ ይፍጀው የምል ሰው ነኝ።» ከዚያ ዞር ብሎ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳለ። ጉንፋን መስሎኝ ነበር።

ስዊቼን አጥፍቼ በሰላም ወደ ቤቴ በሄድኩ ማግስት፣ አዲስ ለምትከፈት የሴቶች ፀጉር ቤት ወንበሮች ማድረስ ነበረብን። ጭነን ስንጨርስ ማሙሽ ገመዱን እያጠበቀ «ወንበሮቹን አድርሼ በዚያው ፋብሪካው ጋ ብቅ እላለሁ» አለ። «መልሱን ዛሬ ነው የሚፈልጉት።»

«ምን ልትላቸው ነው?» አልኩት።

«ስደርስ አውቃለሁ» አለና ገመዱን ደግሞ አጠበቀው። ገመዱ ከበቂ በላይ ጠብቆ ነበር።

መጀመሪያ የገባው ጋሼ ነው። ቁልፉን ቢያዞር፣ ቢያዞር ሞተሯ ታጓራለች እንጂ አትነሣም። «ባትሪ ነው» ብሎ ወረደ። ማሙሽ ገባ፤ እሱም ቁልፉን አዙሮ «ቤንዚኑ ቆሻሻ አለው» ብሎ ወረደ። እኔ በሆዴ እየሳቅኩ ገባሁ፤ ችግሩ የእኔ ስዊች እንደሆነ አውቃለሁ። በአውራ ጣቴ ቀጭ አደረግኩና ቁልፉን አዞርኩ። አልተነሣችም። ሳቄ እዚያው ደረቀ፤ ስዊቼን መልሼ አጠፋሁና «ብርድ ነው» ብዬ ወረድኩ። ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር።

የፀጉር ቤቷ ባለቤት ስልክ ላይ ስልክ ትደውላለች። «ሴቶቹ ቆመው ይሠሩ እንዴ?» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ጋሼ ወደ መካኒኩ ደወለ። ጋሼ ምስጢር ሲነግርህ ጆሮህ ውስጥ ገብቶ የሚያንሾካሹክ፣ ስልክ ሲያወራ ግን ለሰፈሩ አዋጅ የሚያስነግር ሰው ነው። «ፒካፗ እምቢ ብላለች! ወንበር ጭነን ቆመናል! ቶሎ ና!» ሲል ከፊት ለፊታችን ሻይ ቤት የተቀመጡት ሰዎች ብርጭቋቸውን ይዘው ዞሩ።

ብዙም ሳይቆይ ዘይት የነካው ቱታ የለበሰ ቀጭን ሰው መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«ከመካኒኩ ነህ?» አለው ጋሼ።

«ታዲያ ከማን ልሁን» አለ ሰውየው። «ቁልፉን አምጣው።»

ጋሼ ሰጠው። በገዛ እጁ!

ሰውየው ኮፈኑን ከፍቶ እዚህም እዚያም ነካካ፣ ገብቶ ሞከረ፣ ወርዶ ጎማዋን በእግሩ መታ። «ይቺን መኪና ምን አድርጋችኋት ነው?» ብሎ ሦስታችንንም ገላመጠን። እኛም እንደ ጥፋተኛ ልጆች መሬት መሬት አየን። ስዊቼ ተዘግታ እያለች ይሄ ምስኪን ሠራተኛ እስኪመሽ ቢለፋ ምን ያገኛል? «ሻርፔን ልውሰድ» ብዬ ገባሁና አጠገቡ ተቀምጬ በአውራ ጣቴ ቀጭ አደረግኩለት። ቀጥሎ ጋሼ «እርሳሴን ረስቼ» እያለ ከመሪው ሥር ራሱ ወደ ሠራት የእንጨት መደርደሪያ ጎንበስ ሲል አየሁ። እርሳሱ ጆሮው ላይ እንዳለች ልነግረው ነበር፤ ወሬ አላብዛ ብዬ ተውኩት።

«በግፊ ነው የምትነሣው» አለ ሰውየው። «ግፉ!»

ገፋን። ጋሼ ከቀኝ፣ ማሙሽ ከግራ፣ እኔ ከመሀል። ከቁልቁለቱ ግርጌ ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጥቶ አገዘን። ሻይ ጠጪዎቹም ተነሡ። ሰውየው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ጠንከር በሉ እንጂ! ምሳ አልበላችሁም እንዴ?» ይለናል። ጋሼ እንዲህ ያለ ንግግር ከእናቱ ልጅ አይቀበልም፤ ያን ቀን ግን «እሺ፣ እሺ» እያለ እንደ በሬ ይገፋል። ፒካፗ ቁልቁለቱን ትንገጫገጫለች፣ ወንበሮቹ ከላይ ይንቋቋሉ፣ ሞተሯ ግን እህ እንኳ አላለችም። የልብስ ሰፊው ሱቅ ግድግዳ አጠገብ ስትደርስ ቁልቁለቱ አለቀና ቆመች። እኛም ላይዋ ላይ ተደፋን።

በዚህ መሀል መካኒኩ በሞተር ሳይክሉ ደረሰ። ጋቢናው ውስጥ ያለውን ሰው አየና «ማነው እሱ?» አለ።

«የአንተ ሰው ነዋ» አለ ጋሼ እያለከለከ።

«እኔ ምን ሰው አለኝና?»

ቱታ ለባሹ ቀስ ብሎ ወረደ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ቁልፉን ጋሼ መዳፍ ላይ አስቀመጠ። «ምክሬን ከሰማህ ሽጣት» አለው፣ «ይቺ ለሰው አትሆንም።» ከዚያ ሳይቸኩል በጠባቡ መንገድ ታጠፈ። እስኪሰወር ድረስ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከተሰወረ በኋላ ነው ጋሼ «ሌባ! ያዙት!» ብሎ የጮኸው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ልብስ ሰፊው ሳቁ አሸንፎት ሜትሩን አፉ ውስጥ ጎሰጎሰ።

መካኒኩም ይስቃል። «እናንተ ሰዎች፣ በናታችሁ ከመሐላዬ ፍቱኝ» አለ። «ሦስታችሁም በአንድ ቀን በየተራ መጣችሁ፣ ሦስታችሁም ለማንም እንዳትናገር አላችሁኝ። ሦስት ስዊች አስሬባታለሁ! ሦስቱም ካልበሩ እንኳን ሌባ እኔም አላስነሣትም።»

ጋሼ እኔን አየኝ፣ እኔ ጋሼን አየሁት።

«እርሳስህ» አልኩት።

«ሻርፕሽ» አለኝ።

ሁለታችን የየራሳችንን ስዊች ለሌባ አብርተንለት ኖሯል። የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች። ሁለታችንም ወደ ማሙሽ ዞርን።

«እኔ አልነካሁም» አለ ማሙሽ።

«ቅድምስ?»

«ቅድምም አልነካሁም። ቁልፉን ብቻ አዙሬ ወረድኩ።»

«ለምን?» አለ ጋሼ፤ ድምፁ ሻካራ ነበር። «ሌባ መሆኑን አውቀህ ነው?»

«ከየት አውቄ! እኔም እንደናንተው ስገፋ አልነበር?» ማሙሽ እግሩ ሥር ያለችውን ጠጠር በጫማው ገፋት። «ከተነሣች ፋብሪካው ጋ መድረሴ ነው። እዚያ ከደረስኩ ደግሞ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። እሺም እምቢም ማለት አቃተኝ። ካልተነሣች ዛሬን እዚሁ ውዬ ልደር ብዬ ተውኳት።»

ሻይ ጠጪዎቹ ወደ ሻያቸው ሄዱ፤ መካኒኩ ሞተር ሳይክሉን የሚያጸዳ መሰለ። ጋሼ ፒካፗን በመዳፉ ደገፍ አለ። ነገር ማሳመር የማያውቅ ሰው ነው፤ ለዚህ ነው የተናገረው ሁሉ እውነት የሚሆነው።

«ስማኝ ማሙሽ» አለ። «እኔና እህትህ ስንጨቃጨቅ መሀል ቆመህ ሸበትክ። ይሄ ደግ አይደለም። መሄድ ከፈለግክ በኩርፊያ አንሸኝህም። ስዊችህ የት እንዳለች አሳየንና ሂድ።»

ልክ ነበር። ያናደደኝም ልክ መሆኑ ነው። እኔ ግን የጋሼን ያህል ጨዋ አይደለሁም። «እኔ እንድትሄድ አልፈልግም» አልኩት በሰው ሁሉ ፊት። «ከሄድክም ሂድ፣ ግን ደስ ብሎኝ ነው የሸኘሁህ ብዬ አልዋሽም።»

ማሙሽ እኔን አየኝ፣ ጋሼን አየው። ቁልፉን ከጋሼ እጅ ወስዶ ጋቢና ገባ። እኔና ጋሼ በሩ ላይ ተደርበን አንገታችንን አስግገን እንዲያሳየን ጠበቅን። ጋሼ መነጽሩን ሁሉ አደረገ።

«ፊታችሁን አዙሩ» አለ ማሙሽ።

«ምን?»

«ወደ ግድግዳው ዙሩ። እንዳታዩ።»

«አታሳየንም እንዴ?» አለ ጋሼ።

«አላሳያችሁም» አለ። «ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ እኔው አበራታለሁ።»

ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ እኔና ጋሼ፣ የልብስ ሰፊው ሱቅ ግድግዳ ላይ ተለጥፈን ቆምን። ከኋላችን ሞተሯ ተነሣች። ጋሼ ወዲያው ዞሮ የገመዱን መጥበቅ ያይ ጀመር። እኔ ግን እንባዬን በሻርፔ ጠርጌ እስክጨርስ ግድግዳውን እያየሁ ቆየሁ።