የሞተር ጉልበት በርካሽ

ተካልኝ ወደ ጁባ ከሄደ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። እዚያ አበሾች በከፈቱት ሆቴል ጄኔሬተር ይጠብቃል፤ ሲበላሽም ይጠግናል። ሚስቱ ውዴ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር በተከራዩት ቤት ቀርታ በርበሬና ሽሮ እያስፈጨች ፓርክላንድስና ካሳራኒ ላሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ታደርሳለች። የምታደርሰውም እሱ ትቶላት በሄደው አሮጌ ቶዮታ ነው።

መኪናዋ ድሮ እንዲህ አልነበረችም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለቱ በሊሙሩ በኩል ሽቅብ ሲወጡ፣ ተካልኝ አንድ እጁን መሪው ላይ፣ አንዱን የውዴ ጉልበት ላይ አድርጎ፣ የጭነት መኪናውን ሁሉ እያለፈ ያበራት ነበር። አሁን ትንሽ ዳገት ስታይ ትንፋሿ ይቆረጣል። ውዴ ይህን በስልክ በነገረችው ቁጥር መልሱ አንድ ነው።

"ማንም እንዳይነካት። ስመጣ እኔው አያታለሁ።"

ይህን ሲል ደስ ይላታል። "ስመጣ" የሚለውን ቃል ለመስማት ስትል ብቻ ያልተበላሸውን ተበላሸ ያለችበት ቀንም አለ።

ገና አለፈ፤ ጥምቀትም አለፈ። ተካልኝ ለፋሲካ እመጣለሁ አለ። ውዴ መኪናዋ እንደ ጥንቷ ሆና ብትቀበለው ተመኘች። በዚያው ሰሞን ስልኳ ላይ ማስታወቂያ መጣባት። አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ዕቃ ናት፤ ከመሪው ሥር ካለው ሶኬት ላይ ስትሰካ የሞተሩን ጉልበት በሲሶ ትጨምራለች፣ ቤንዚንም ትቆጥባለች ይላል። ዋጋዋ ርካሽ ነው። ከሥሩ ገዛን ያሉ ሰዎች አመስግነው አልጠገቡም። አዘዘችና አንድ ሞተረኛ በር ድረስ አመጣላት።

በሰካቻት ዕለት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ፤ መኪናዋም የቀለላት መሰላት። መንገዱ ባዶ ስለነበር ይሆን ብላ አልጠረጠረችም። ደስ እንዲላት ፈልጋ ነበር፤ ደስ አላት።

በሳምንቱ ግን፣ ሁዳዴ ስለሆነ ሽሮው በጆንያ ተጭኖ ከሙዚየም ሂል ወደ ፓርክላንድስ ስትወጣ፣ ቤንዚኑን እስከ ወለሉ ረግጣው እንኳ መኪናዋ ዳገቱ መሐል ልትቆም ደረሰች። ከኋላዋ ያለ ማታቱ ታክሲ ጡሩምባውን ለቀቀባት። የተሰካችው ዕቃ መብራት ግን ብልጭታዋን አላቋረጠችም። ውዴ ዳር ይዛ ቆመችና አለቀሰች። ለመኪና ብላ እንዳላለቀሰች ራሷም ታውቃለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢ ውስጥ ሆና ለተካልኝ በቪዲዮ ደወለችለትና ዕቃዋን አሳየችው። አልሳቀባትም።

"እስቲ በቢላ ክፈቻት" አላት።

ከፈተቻት። ውስጧ አንዲት ትንሽ መብራትና እሷን የሚያበሩ ቀጫጭን ሽቦዎች ብቻ ነበሩ።

"አየሽ፣ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኛት ነገር የላትም። እዚህም ሰዎች እንደዚህ ያለውን እየገዙ ያመጡልኛል። ለሞተር እውነተኛ ጉልበት መጨመር ትልቅ ሥራ ነው፤ በዚህ አይሆንም። የእኛዋ ደግሞ የራሷ ጉልበት ይበቃታል፤ ታፍና ነው።" ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠጋ። "ኮፈኑን ክፈቺ። አንቺው ትሠሪያታለሽ።"

ውዴ ስልኩን አደገፈችና ጎንበስ አለች። ጥቁሩን ሳጥን አየሽው ይላል፤ አየሁት ትላለች። መቆለፊያውን ወደ ላይ ሳቢ ይላል፤ ትስባለች። ድምፁ ጆሮዋ ሥር ነው፤ እጁ ግን የለም። ጥፍሯ ተሰበረ። የአየር ማጣሪያው እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ አይጥ የሰበሰበችው ቅጠልና ቡትቶ ተጠቅጥቆበት ወጣ።

"በዚህ አፍንጫ ማን ይተነፍሳል" አለ ተካልኝ። "አዲስ ግዢ። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎችም ትቀይሪያለሽ፤ እኔ አሳይሻለሁ። ከዚያ በኋላ በየጊዜው አንቺው..."

ውዴ ማጣሪያውን እንደያዘች ቀና አለች። ያን ጊዜ ነው የገባት።

"ተካ፣ ስመጣ እኔው አያታለሁ አልነበር የምትለው?"

ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን አየችው፤ ተካልኝ ፊቱን በመዳፉ እያሻሸ ነበር።

"ለፋሲካ አትመጣም ማለት ነው?"

"የመኖሪያ ፈቃዴ አልታደሰም። አሁን ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፤ ሥራውም ይሄዳል። ሰሞኑን ልነግርሽ እያልኩ አፌ እምቢ አለኝ።"

አልተቆጣችም። ድካም ብቻ ተሰማት፤ ማጣሪያውን መሬት ላይ አስቀምጣ የመኪናዋ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ከስልኩ ወዲያ ማዶ የሆቴሉ ጄኔሬተር ሲያጉረመርም ይሰማታል። እሱ በየሌሊቱ የሚተኛው ይህን ድምፅ እየሰማ እንደሆነ አስባ አታውቅም ነበር።

"እኔስ ብመጣ?" አለች።

"ይቺ መኪና ያን መንገድ አትችለውም።"

"በመኪናዋ አላልኩም። አውቶቡስ የለም?"

"አለ፣ በኡጋንዳ በኩል። ግን አድካሚ ነው፤ ድንበሩም..."

"መንገዱን አልጠየቅኩህም። ልምጣ ወይ ነው ያልኩህ።"

የተካልኝ ድምፅ ተለወጠ።

"ነይ" አላት። "ስትሳፈሪ በቀኝ በኩል ተቀመጪ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ አይመታሽም። ወፍራም ጋቢም ያዢ፤ ኤልዶሬት ከተማ ስትደርሺ ይበርዳል።"

ውዴ የጠቆሩ እጆቿን በቀሚሷ ጠረገችና ስልኩን አነሳች።

"ከኤልዶሬት በኋላስ?" አለችው።