ስልክ የሌላቸው ነዋሪዎች

የዳሞታ ተራራ ተዳፋት በዝናቡ መሰንጠቅ ሲጀምር፣ ሚልክያስ ሶዶ ከተማ ባለው የአደጋ መከላከል ቢሮው ተቀምጦ የነዋሪዎችን ሰንጠረዥ ከስልክ ቁጥሮች ሰንጠረዥ ጋር አገናኘና «ቶሎ ውጡ» የሚል መልእክት ላከ።

«ለሁሉም ደርሷል» አለ።

«ተዳፋቱ ላይ ያለችው አክስቴ እኮ ስልክ የላትም» አለች ባልደረባው ሶልያና፣ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ብላ። «ኢነር ጆይን ነው እንዴ የጻፍከው? እሱ ሁለቱም ሰንጠረዥ ላይ ያለውን ሰው ብቻ ነው የሚያወጣው!»

ሚልክያስ በሌፍት ጆይን ደገመው። አሁን የነዋሪዎቹ ሁሉ ስም ኮምፒውተሩ ላይ ታየ፤ የብዙዎቹ የስልክ ቦታ ባዶ ነበር። ሶልያና ለአክስቷ ጎረቤት ደወለች።

«እኛማ መልእክቱ ደርሶን ወንዙን ተሻገርን» አሉ ጎረቤትየው።

«አክስቴስ፣ ጋሼ?»

«ለእሷም የላካችሁ መስሎኝ! ከቤቷ ጭስ ሲወጣ ይታየኛል።»

«ይመለሱላት!»

«በየት በኩል፣ ልጄ? ድልድዩን ውሃው አሁን ወሰደው።»