ሁለቱ «ላላ»

ልጄ ሳሌም የወለደችው ኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ ነው፤ ባሏ እንድሪያስ እዚያ ሱቅ አለው። እኔ አራስ ልጠብቅ ከዲላ መጣሁ እንጂ ስዋሂሊ የሚባለውን ከ«ማጂ» በቀር አላውቅም፤ እሱንም ውሃ ስለጠማኝ ነው የተማርኩት።

ማዋለጃው ትንሽ ነው። በዚያን ቀን ነርሱ ዴኒስ ብቻውን ነበር፤ የምታምጠውም የሱ፣ የወለደችውም የሱ፣ ገና ዓይኑን ያልገለጠውም የሱ። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጓንት ሲያወልቅ ሌላ ሲያጠልቅ ነው ያየሁት። የወተት ሻዩ መስኮቱ ላይ እንደተቀመጠ ስልባቦት ያዘ።

እኔም አላሳረፍኩትም። ልጁ ሲያስነጥስ ጠራሁት፤ ትን ያለው ሲመስለኝ ጠራሁት፤ እትብቱ ላይ ዝንብ ብታርፍ ጠራሁት። «ሾሾ» ይለኛል፣ አያት ማለቱ ነው። ይመጣል፣ ያያል፣ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። ከጎናችን ያለው አልጋ ላይ ካልቱማ ነበረች፤ ወተት የምትሸጥ ቦረና ናት፣ አማርኛን ማዶ ገበያ ነው የለቀመችው። «አንቱ» የሚባለውን ግን አልለቀመችም።

«አንቺ እማማ፣ በቃ ይሄን ሰውዬ አግቢው! ቀኑን ሙሉ ትጠሪዋለሽ» ትለኛለች።

ምን ላድርግ? ልጁ ሚጢጢ ነው፤ ከቀኑ ቀድሞ ነው የመጣው። ሳሌም ደግሞ ብዙ ደም ፈስሷት ዓይኗን መግለጥ እንኳ አቅቷታል፤ ጡቷን አፉ ላይ የማደርግለት እኔ ነኝ። ጠዋት ቀማምሶ ነበር። ከሰዓት በኋላ እምቢ አለ። ተኝቷል ብዬ ቆይቼ ሳነሳው እጁ ቁልቁል ተንጠለጠለ። አንገቱም እንደዚያው። እግሩን ጨበጥኩት፤ ቀዝቅዟል።

«ዴኒስ! ልጁ ላላ! ላላ!»

ከመጋረጃው ኋላ ብቅ አለ፣ ጓንቱ ደም በደም ሆኖ። «ንዲዮ ሾሾ፣ አላሌ፣ አላሌ» አለኝና ፈገግ ብሎ ተመለሰ።

ፈገግታ! የልጄ ልጅ እየላላ ሰውዬው ይስቅልኛል!

«ላላ እኮ ነው የምልህ!»

«ሳዋ፣ ሳዋ» አለ ከውስጥ። እሺ ማለቱ ነው።

«ተይው እማማ» አለች ካልቱማ። «ይተኛ ነው ያለሽ። ላላ ብለሽ የለ?»

«ብያለሁ!»

«እኮ! በስዋሂሊ ላላ ማለት ተኛ ነው።»

«አልተኛም ካልቱማ! የኔ ላላ ሌላ ነው!»

ሌላ ቃል ብፈልግ አልመጣልኝም። ልጁን አቅፌ አልጋዋ ድረስ ሄድኩና ክንዱን አንስቼ ለቀቅኩት። እንደ ታጠበ ፎጣ ወደቀ።

ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። የራሷን ልጅ ከጡቷ ነጥላ «ዴኒስ! አሜሌጌያ! ምቶቶ አሜሌጌያ!» ብላ ጮኸች፤ የኔን ላላ በስዋሂሊ መሆኑ ነው።

ያን ሲሰማ የምታምጠዋን ለእናቷ ትቶ ሮጦ ወጣ። የልጁን ተረከዝ ወጋና የደሙን ጠብታ በትንሽ መሣሪያ አየ፤ አጉረመረመ። በዚያች ክር በምታህል ደም ሥር የስኳር ውሃ ሰጠው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ለካልቱማ አንድ ነገር ነገራት።

«ሸሚዝሽን ክፈቺ ይልሻል። ልጁን ራቁቱን ደረትሽ ላይ አድርጊው፣ ከላይ ልበሺ፣ እናቱ አቅም የላትም።»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ፣ ወንድ ፊት?»

«አንቺን የሚያይበት ጊዜ መቼ አለው!»

እውነቷን ነው፤ ቀና ስል መጋረጃው ኋላ ገብቷል። ልጁን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። ብርዱ ወደኔ ገባ። ማርያም፣ ማርያም፣ አልኩ፤ ሌላ የማውቀው ሕክምና የለኝም። ከመጋረጃው ኋላ አዲስ ልጅ አለቀሰ፤ የኔው ዝም። ዴኒስ እየመጣ ይነካዋል፣ ይሄዳል። ብዙ ቆይቶ የልጁ እግር ሆዴን ገፋኝ። ከዚያ የደረቀ ጡቴን በአፉ ፈለገ፣ አጣና ተቆጥቶ ጮኸ። ሳሌም በጩኸቱ ዓይኗን ገለጠች። አስጠጋሁላት፤ ጠባ፣ ጠባና ዓይኑን ከደነ።

ዴኒስ ይህን ጊዜ መጣ። ፊቱ አመድ መስሎ ጣቱን ወደ ልጁ ቀሰረ። «ላላ?»

«ያንተ ላላ» አልኩት። «ያንተው ነው፣ አይዞህ።»

ካልቱማ ተረጎመችለት። ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠና ሻዩን አነሳ። ሳያጋምሰው አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ፣ አንድ እጁም ወደ መሬት ተንጠለጠለ። በሁለቱም ቋንቋ ላላ።

ወዲያው በሩ ላይ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ቆመና አንዲት ነፍሰ ጡር ወገቧን ይዛ ገባች፤ ግድግዳውን ተደግፋ አቃሰተች። ካልቱማ እኔን አየችኝ። ሳሌምም አየችኝ። መጥራቱ የኔ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ሻዩ እንዳይደፋበት ኩባያውን ከጣቶቹ አላቀቅኩ።

«ዴኒስ፣ ልጄ» አልኩት። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ በቀስታ ጠርቼው አላውቅም።