ሦስት ምዕራፍ ሲቀር

«ከአውቶቡሱ ወርዳለች ወይስ አልወረደችም?»

«እኔ ምን ላውቅ። ገነነ እዚያ ላይ አይደል ትቷት የሄደው።»

ዕድላዊት የተፈላ የቡና ቅጠል የሞላበትን ፔርሙዝ ይዛ ከሴቶቹ አግዳሚ ወንበር ስትደርስ ሁለቱም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ዝም አሉ። ቀዳችላቸው። «ጌታ ያጽናሽ» አሏት፤ አንድ ላይ፣ ከልክ በላይ ፈጥነው።

ቅዳሜ ረፋድ ነው፤ አባቷ ገነነ የተቀበረው ትናንት ነው። ዕድላዊት ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የውሃ ጥራት ላቦራቶሪ ትሠራለች። ሥራዋ ብልቃጥ ውስጥ ያለ ውሃ ቀለሙን እስኪቀይር ቁጭ ብሎ ማየትና ያዩትን መጻፍ ነው። ልማድ ሆኖባት እዚህም ማየቷን አላቆመችም። ከትናንት ጀምሮ እሷ ስትደርስ ሹክሹክታ የተቋረጠባቸው ቦታዎች አራት ናቸው፦ የሴቶቹ አግዳሚ፣ የውሃው ሮቶ ሥር፣ የእድሩ ድስት ዙሪያ፣ በሩ ላይ የቆሙት ወንዶች። በአራቱም ቦታ አንድ ስም ሰምታለች። ሳባ።

በቤተሰባቸው ሳባ የሚባል ሰው የለም። እናቷ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። አባቷ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ እስከ ረቡዕ ድረስ ጤነኛ፣ ፂሙን በየማለዳው የሚላጭ። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ድምዳሜ አንድ ነው። ዕድላዊት ድምዳሜውን አልወደደችውም።

እትዬ ጌጤን ከቤቱ ጀርባ፣ ሽፈራው በሚሉት የሀለኮ ዛፍ ሥር አገኘቻቸው። ከላንቴ መንደር ሙዝ እያመጡ ሲቀላ ገበያ የሚሸጡ፣ ለሃያ ዓመት ግድግዳ የተጋሩ ጎረቤት ናቸው።

«እትዬ ጌጤ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እንዳይደብቁኝ።»

«ጠይቂ፣ የኔ ልጅ።»

«ሳባ ማን ናት?»

እትዬ ጌጤ መሬት መሬት አዩ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ዕድላዊት ልትደግፋቸው እጇን ስትዘረጋ እያለቀሱ ሳይሆን እየሳቁ መሆናቸውን አየች።

«ገነነ ሴት ያዘ ብለሽ ነው? በዚያ ጉልበቱ?» እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሳባማ የሸማኔው ልጅ ናት። አባትሽ ሲያነብልን የነበረው መጽሐፍ ውስጥ ያለችው። እጮኛዋን ጥላ አውቶቡስ ላይ ወጣች፤ ሹፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ እጮኛዋ እየሮጠ መጣ፤ አለቀ። ረቡዕ እዚያ ላይ አቆመ። ሐሙስ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«የት ነው ያነበበላችሁ?»

«እድሩ ላይ ነዋ።»

ዕድላዊት አልገባትም። እትዬ ጌጤ ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው ሰጧት። የእድሩ የቴሌግራም ቡድን ነው፤ ዘጠና አራት አባላት አሉት። ከላይ የተጻፈው ስም ግን የእድሩ ስም አይደለም። «ደራሲና አንባቢ» ይላል።

ያኔ ነው ያስታወሰችው። ከሁለት ሳምንት በፊት አባቷ ደውሎ አዲስ ቡድን እንዴት እንደሚከፈት ጠይቋት ነበር። እጇ ላይ የውሃ ናሙና መቅጃ ፒፔት ይዛ ነበር። «አባዬ፣ እርሳስ የምትመስለውን ምልክት ንካ፣ ስሙን ጻፍ፣ አለቀ» ብላው ዘጋችው። እርሳሷ ግን ሁለት ቦታ አለች። የቡድኖቹ ዝርዝር ላይ ሆነው ከነኳት አዲስ ቡድን ትከፍታለች፤ አንድ ቡድን ውስጥ ገብተው ከነኳት የዚያኑ ቡድን ስም ታስቀይራለች። አባቷ የእድሩ ጸሐፊ ነው፤ ስልኩን ሲከፍት ሁልጊዜ የሚያገኘው እድሩን ነው። የት ሆኖ እንደሚነካ አልጠየቀችውም። ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲህ ያለ መመሪያ የጻፈ ሰው ቢመጣባት ወረቀቱን ቀድዳ እንደገና ታስጽፈው ነበር።

«ከእድር መልእክት ከመጣ ሰው ሞቷል ማለት ነው» አሉ እትዬ ጌጤ። «ሙዝ እየመዘንኩ ነበር፣ ጥዬ ከፈትኩ። ገነነ ጉሮሮውን ጠረገ። ማን ይሆን ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ምዕራፍ አንድ።›»

«እና ዝም አላችሁት?»

«የሟቹን ስም ስንጠብቅ ምዕራፉ አለቀ። በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ስልኩን ይዞ ቁጭ።»

ከሰዓት በኋላ ዕድላዊት ጓዳ ገብታ የአባቷን ስልክ ከፈተች። አሥራ አንድ ምዕራፎች በድምፅ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያውን ሰማች። ዶሮ ይጮሃል፤ «ይቅርታ፣ ገጹ ተጣብቆብኝ ነው» ይላል፤ ከዚያ ይቀጥላል። በእያንዳንዱ መጨረሻ ላይ አንድ ዓይነት ማሳሰቢያ አለ፦ «እሁድ ዐሥር ሰዓት ደራሲዋ ራሷ ከገረሴ ትመጣለች። ቡድኑ ያን ቀን በይፋ ይከፈታል። ጥያቄያችሁን ያዙ።»

እሁድ ማለት ነገ ነው።

አባቷ የባዮሎጂ መምህር ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ ሲቀላ፣ መናኸሪያው አጠገብ መጽሐፍ ማከራየት ጀመረ። አንድ ደንብ ነበረው፦ መጽሐፍ የሚመልስ ሰው ስላነበበው አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ሌላ አይወስድም። ጥያቄውን አባቷ ደብተር ላይ ይጽፈዋል። «ደራሲው በዚህ ሲያልፍ ይመልሰዋል» ይላል። ደራሲ ግን በሲቀላ አያልፍም። ደብተሮቹ ሰባት ደረሱ። ዕድላዊት ለዕረፍት ስትመጣ ታሾፍበት ነበር።

«ያልሆነ ነገር እኮ ነው፣ አባዬ። ምን ያስጠይቃል?»

«የሆነውን ነገር ጠይቀሽ ከማይክሮስኮፑ መልስ ታገኛለሽ። ያልሆነውን የሚያውቀው የጻፈው ሰውዬ ብቻ ነው። ታዲያ ሰውዬው የት አለ?»

ባለፈው ፋሲካ ነው ነገሩን የነገራት። ጥያቄውን ወደ ደራሲው የሚወስድ አንድ መድረክ በስልክ ሊከፍት ነው። ደራሲውም አንባቢውም ባሉበት ሆነው ይነጋገሩበታል። አንዲት የደጋዋ ገረሴ መምህርት በራሷ ወጪ ያሳተመችውን ልቦለድ አምስት ኮፒ በሹፌር ልካለታለች፤ በእሷ ይጀምራል። ዕድላዊት «ጥሩ ነው» ብላ ሳህን ማጠቧን ቀጠለች።

አሁን የእድሩን ሊቀ መንበር ፍለጋ ወጣች። አቶ አጵሎስ ከድንኳኑ መግቢያ ጎን፣ ሁልጊዜ ከሚቀመጡበት ወንበር ላይ ናቸው። ደንቡን በፕላስቲክ አድርገው ኪሳቸው ውስጥ ይይዛሉ።

«ጋሽ አጵሎስ፣ ነገ ዐሥር ሰዓት ላይ ቡድኑ ለሁሉም ሰው መጻፊያ ቢከፈት ብዬ ነው። አባዬ ቃል የገባበት ሰዓት ነው።»

«ልጄ፣ ቡድኑ ላይ የሚጽፉት ሊቀ መንበርና ጸሐፊ ብቻ ናቸው። ጸሐፊው አርፏል። እኔ ደግሞ የምጽፈው ሞትና ስብሰባ ነው።»

«ለአንድ ሰዓት ብቻ።»

«ድንኳን ውስጥ ልቦለድ? የሰው መሳቂያ ልታደርጊን ነው? ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ድንኳኑ ይነሳል፤ እኔም የቡድኑን ስም እመልሳለሁ። ገነነን መጀመሪያውኑ ነግሬዋለሁ። እስከ እሁድ ታገሠኝ ብሎ ለመነኝ፣ ታገሥኩት። ትዕግሥቴ እሁድ ያልቃል።»

በቁጣ አልነበረም የተናገሩት።

እሁድ ሰዎቹ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ፤ መዘምራኑ ሁለት መዝሙር ዘመሩ፤ ምሳ ተበላ። ወደ ስምንት ሰዓት ግድም ዕድላዊት ከኋለኛው ረድፍ አንዲት የማታውቃት ወጣት ሴት አየች። ቢጫ ሻርፕ፣ አዲስ ቀሚስ፣ ጫማዋ ላይ የደጋ ቀይ ጭቃ። ለለቅሶ የለበሰች አትመስልም፤ ግን ከዘመዶቹ ሁሉ አብልጣ ታለቅሳለች። እግሯ ሥር ያለው ፌስታል አራት ማዕዘን ሆኖ ተወጥሯል።

«ከገረሴ ነው የመጣሽው?» አለቻት ዕድላዊት አጠገቧ ተቀምጣ።

«አዎ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ኑሃሚን እባላለሁ። አልሰማሁም ነበር። ለዐሥር ሰዓት ቀጥረውኝ ነበር። ድንኳኑን ሳይ ለእኔ የተተከለ መስሎኝ ነበር፤ ይቅር በዪኝ።»

ዕድላዊት ሳታስበው ሳቀች። ኑሃሚንም በእንባዋ መካከል ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

«በአካል አግኝተሽው ታውቂያለሽ?»

«አንድም ቀን። በስልክ ብቻ። መጽሐፌን አምስት መቶ አሳተምኩ፤ አራት መቶ ስልሳው አልጋዬ ሥር ነው። ያነበበ ሰው ሳገኝ ‹ጥሩ ነው፣ በርቺ› ይለኛል። አባትሽ ደወሉና ‹ምዕራፍ አራት ላይ ላሟ ነጭ ነበረች፤ ምዕራፍ ሰባት ላይ ለምን ጠቆረች?› አሉኝ። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። በደንብ ያነበበ ሰው ነዋ።»

ዕድላዊት ተነሳች። ጓዳ ገብታ የአባቷን ስልክ አመጣችና አቶ አጵሎስን ከድንኳኑ ውጭ ጠራቻቸው። የረቡዕን ድምፅ ጣቷን ጫን አድርጋ ነካችው። ያዳመጡት ሰዎች ዝርዝር ወጣ፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ሰዓቱ አለ። ስልኩን ሰጠቻቸው።

አቶ አጵሎስ መነጽራቸውን አደረጉ። መልእክቱ የተላከው አሥራ ሁለት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ የከፈተው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ራሳቸው።

«ይሄ ሁሉ ይታያል?» አሉ።

«ይታያል።»

«ለሰው ሁሉ?»

«ለላከው ሰው ብቻ።»

«አሃ። ገነነ ያውቅ ነበራ።» መነጽራቸውን አወለቁ፤ ሲጠርጉት ቆዩ። «ለዚያ ነው እስከ እሁድ ታገሠኝ ሲለኝ የሳቀው።»

ደንቡን ከኪሳቸው አወጡና አንድ ቦታ ላይ አነበቡ። ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስ እድሩ በሟች ጉዳይ ላይ ነው ይላል። «ይሄ የሟች ጉዳይ ነው» አሉ። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግን እዘጋለሁ።»

ዐሥር ሰዓት ላይ ኑሃሚንን ቡድኑ ውስጥ አስገቡና መጻፊያውን ለሁሉም ከፈቱት። በድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ኑሃሚን መካከል ላይ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ቀና ብሎ የጠየቃት ግን አንድም ሰው የለም። ሁሉም በስልኩ ይጽፍላታል፤ እሷም በስልኳ ትመልሳለች። ገነነ በስልክ ነው ብሏልና በስልክ ነው። እትዬ ጌጤ መጻፍ ስለማይሆንላቸው ከእሷ ሁለት ወንበር ርቀው በድምፅ ላኩ፦ «አንቺ ልጅ፣ እጮኛውን ለምን ይህን ያህል ደደብ አደረግሽው?» ጥያቄው መጀመሪያ ከአፋቸው፣ ቀጥሎ ከሠላሳ ስልክ ተሰማ። በሩ ላይ የቆሙት ወንዶች ሳቁ፤ አንድ አሁን ለለቅሶ የደረሰ ሰው ግራ ገብቶት ከመግቢያው ተመለሰ፤ ሄደው አመጡት።

የአቶ አጵሎስ ጥያቄ ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። በሊቀ መንበርነታቸው እንደሚጽፉት ቁጥር ሰጥተውታል። «1ኛ/ ሳባ ከአውቶቡሱ ወርዳለች ወይስ አልወረደችም? 2ኛ/ የላሟ ቀለም ጉዳይ ይብራራ።»

ኑሃሚን ረጅም ጊዜ ወስዳ ጻፈች። ስለ ላሟ ስህተቱን አመነች፤ ያገኘላት ማን እንደሆነም ጠቀሰች። ስለ ሳባ ግን «ሦስት ምዕራፍ ይቀራችኋል፤ አልናገርም» አለች።

«ማን ያንብብልን ታዲያ?» አሉ እትዬ ጌጤ፤ ይህን በስልክ አልነበረም ያሉት።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ቀና አለ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ዕድላዊት ዞሩ። ዕድላዊት ልቦለድ ጮክ ብላ አንብባ አታውቅም። በልቧም አንብባ አታውቅም። ኑሃሚን ከፌስታሉ አንድ መጽሐፍ አውጥታ፣ አሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ገልጣ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችላት።

«እኔ የማነበው እንደ ሪፖርት ነው» አለች ዕድላዊት።

«ሪፖርትም ቢሆን እንሰማለን» አሉ አቶ አጵሎስ። «እዚህ ላይ ግን አይሆንም። የራሱን ቤት ክፈቺለት።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የድንኳኑ ገመድ ይፈታ ጀመር። አቶ አጵሎስ የእድሩን ስም መለሱ፤ መጻፊያውን ዘጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በደንቡ መሠረት የሟች ስም ከእድሩ ዝርዝር እንደሚወጣ ነገሯትና ፈቃዷን ጠበቁ። ዕድላዊት ራሷን ነቀነቀች። ዘጠና አምስት የነበረው ዘጠና አራት ሆነ፤ ከኑሃሚን ጋር። ኑሃሚንንም ይቅርታ ጠይቀው አወጧት። ዘጠና ሦስት።

ዕድላዊት የራሷን ስልክ አወጣች። የቡድኖቹ ዝርዝር ላይ መሆኗን ሁለት ጊዜ አረጋገጠች፤ እርሳሷን ነካች። «ደራሲና አንባቢ» ብላ ጻፈች። ስልኩ አባላት እንድትመርጥ ጠየቃት። አጠገቧ እትዬ ጌጤ ስማቸው ሲገባ ለማየት አንገታቸውን አስግገው ቆመዋል።

ዕድላዊት የስሞቹን ዝርዝር ወደ ላይ መለሰችው፤ «አባዬ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ከጓዳ አንድ ስልክ አጭር ድምፅ አሰማ።

እትዬ ጌጤ ወደ ጓዳው አዩ።

«የእርስዎን ቁጥር ይንገሩኝ» አለች ዕድላዊት፤ «ቀስ ብለው።»