የቤጎኒያ ማኅበር ሰባተኛው ደንብ

የቤጎኒያ አበባ ወዳጆች ማኅበር አባላት ቤጎኒያ ቢያዩ ከጎመን አይለዩትም። ስሙን ያወጡት ድሮ ነው፤ ወንድ የሚወዱ ወንዶች በተሰበሰቡበት ሁሉ ፖሊስ በር ሰብሮ በሚገባበት ዘመን። ከአበባ ወዳጅ ጋር የሚጣላ ፖሊስ የለማ። ዘመኑ ለዘብ ካለ በኋላም ስሙም ደንቡም እንዳለ ቀረ። በወር አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ሎሬታ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ሁሉም የየራሱን ምግብ ሠርቶ ይመጣል። ደጃፉን ሲያልፉ የወንድ ስማቸውን ከካፖርታቸው ጋር መስቀያው ላይ ይተዉታል፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም በሴት ስም ይጠራል፣ ሁሉም «አንቺ» ነው። ውጭ ምን ትሠሪያለሽ ተብሎ አይጠየቅም። ቢያውቁ እንኳ አያውቁም።

ሊቀ መንበሯ አጋታ ትባላለች። ውጭ ሲወጣ ዴልበርት ኪንስለር ነው፤ በክፍለ ግዛቱ መንገዶች መሥሪያ ቤት የመንገድ ምልክት ሲያሠራ የኖረ፣ ጡረታው የደረሰ ሰውዬ። ያን እሑድ ወደ ስብሰባው መሄዱን ጠልቶት ነበር።

ምክንያቱም ሴናተር ክሌይተን ሃርግሮቭ ነው። ሴናተሩ ሕግ አርቅቋል፦ የክፍለ ግዛቱ ሠራተኛ የጤና መድን የሚያካፍለው በሕግ ላገባት ሚስት ወይም ላገባችው ባል ብቻ ይሁን የሚል። ይሄ ለሌላው ሰው ወረቀት ነው፤ ለዴልበርት ግን ኤልዉድ ነው። ኤልዉድና ዴልበርት ፀጉራቸው ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ አብረው ኖረዋል። የኤልዉድ ኩላሊት ከደከመ ወዲህ አንድ ቀን እየዘለለ ደሙ በማሽን ይታጠባል፤ የሚታጠበውም በዴልበርት መድን ነው። ሕጉ ከጸደቀ እጥበቱ ቀረ፤ እጥበቱ ከቀረ የሚሆነውን ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጣጣ ደግሞ ይኸውላችሁ፦ ሴናተር ሃርግሮቭ ማለት እትዬ ሜብል ናት።

ሁሉም ያውቃል፤ አንድም ሰው አፉን ከፍቶ ተናግሮት አያውቅም። ሜብል ለዓመታት በየስብሰባው ያው አንድ ምግብ ይዛ ትመጣለች፤ ካሮት ተፈቅፍቆ የገባበት ጄሎ፣ ሲነኩት የሚንቀጠቀጥ አረንጓዴ ጣፋጭ። አንድም የሚወደው ሰው የለም። ግን ብቸኛ ናት፣ ፒያኖው አጠገብ ቆማ ስትዘፍን ደግሞ ፊቷ የልጅ ይመስላል፤ ስለዚህ ሁሉም እየበላ ያሞግሳታል። ያን እሑድም፣ ረቂቁ ጋዜጣ ላይ በወጣ በሳምንቱ፣ ጄሎዋን ይዛ ከች አለች። ዓይኗን በጨው ታጥባ።

ጃኔት ተነሣች። የማኅበሩ ታናሽ ናት፤ ውጭ ጠበቃ ነው ይባላል፣ እኛ አናውቅም።

«የማቀርበው ሐሳብ ይሄ ነው» አለች። «ግብዙና ውሸታሙ ሴናተር ሃርግሮቭ እንደኛ ያለ ሰው መሆኑን ለጋዜጣ እንንገር። አዘቦት አዘቦት አንገታችንን ይገዘግዛል፣ እሑድ እሑድ ደግሞ…» ጄሎውን አየት አደረገችው። «እሑድ እሑድ የት እንደሚሄድ እግዜር ይወቅ።»

ሜብል ሹካዋን አስቀመጠች። «ሥነ ሥርዓት፣ እመቤት ሊቀ መንበር።»

«ቀጥዪ ሜብል» አለ ዴልበርት።

«ግብዝና ውሸታም ሁለት ክስ ነው። አንድ ሐሳብ ውስጥ ሁለት ክስ አይገባም፤ ይከፈል።»

«ይሄን ደግሞ የት ተማርሽው?» አለች ጃኔት።

«መጽሐፍ ላይ አነበብኩ።»

ሁሉም ጣራ ጣራውን አየ። ሰው ራሱ በሚከሰስበት ስብሰባ ላይ ቁጭ ብሎ ሥነ ሥርዓት ያስከብራል? ሜብል ታስከብራለች፤ ልማድ ክፉ ነው። ሐሳቡም ተከፈለ፤ ውሸታም የሚለው ወደቀና ግብዝ የሚለው ቀረ።

ሎሬታ ክርክሩን ጀመረች። ሎሬታ ሽማግሌ ናት፤ ድሮ ፖሊስ ይዟቸው ስማቸው ጋዜጣ ላይ ከወጣባቸው አንዷ።

«ልጄ፣ አንቺ ያኔ አልተወለድሽም። ስማችንን ከነቤት ቁጥራችን ነበር ያተሙት። ማግስቱን አንዱ ሥራውን አጣ፣ አንዱ ልጆቹን አጣ፣ አንዱ ወንዝ ገባ። እኛ የሰው ስም አሳልፈን አንሰጥም። ሆድ ይፍጀው ብለን ነው እዚህ የደረስነው።»

«ያኔ የታተመው ማንንም ያልነካ ሰው ነው» አለች ጃኔት። «ይሄ እኮ እየገደለን ነው። ምስጢር የሚጠበቀው ምስጢር ለሚጠብቅ ነው እንጂ፣ ጥላችን ሥር ተጠልሎ ዛፉን ለሚቆርጥ አይደለም።»

«ዛሬ ለክፉ ሰው ብለሽ የከፈትሽውን በር ነገ ማን ይዘጋዋል? ክፉውን የሚመርጠውስ ማን ነው፣ አንቺ?»

«ብመርጥ ደስ ይለኛል» አለች ጃኔት።

ዴልበርት ሁለቱም እውነት አላቸው ብሎ አሰበና ራሱን ረገመ፤ ሊቀ መንበር እንዲህ ሲያስብ ደግ አይደለም። ያኔ ከታተሙት ስሞች አንዱ የሱ ነበር። የሙዚቃ አስተማሪ ነበር፣ ወጣት። እናቱ የሰማችው ልብስ ስታሰጣ፣ ከጎረቤት፣ በአጥር ላይ ነው። እስክትሞት ድረስ ጋዜጣ የሚባል ነገር ቤቷ አላስገባችም።

«ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ሰባተኛውን ደንብ አነባለሁ» አለ።

ሰባተኛው ደንብ የወጣው ሎሬታ የኬክ ውድድር ዳኛ ሆና ለራሷ ኬክ አንደኛነት በሰጠች ጊዜ ነው። እንዲህ ይላል፦ ነገሩ የሚነካው አባል «ይነካኛል» ብሎ ይነሣና ድምፁ ተሰጥቶ እስኪያልቅ ወጥ ቤት ይቆያል።

ዴልበርት አንብቦ ጨረሰና ዓይኑን ጄሎው ላይ ተከለ። ሜብል ጄሎዋን በማንኪያ ነካች፤ ተንቀጠቀጠ።

«ማንም የለም» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

እጅ ተቆጠረ። ሜብልም ከተቃወሙት ጋር እጇን አወጣች፤ እኩል ለእኩል ሆነ። እኩል ሲሆን የሚወስነው ሊቀ መንበሩ ነው። ዴልበርት ኤልዉድን አሰበ፣ ክንዱ ላይ መርፌ እንደተሰካ። ከዚያ እናቱን አሰበ፣ ልብስ መስቀያ ገመድ ይዛ እንደቆመች።

«እቃወማለሁ» አለ።

ጃኔት ሳህኗን አንሥታ ወጣች። ካፖርት መስቀያው ጋ ሜብል ወደ ዴልበርት ጠጋ አለች።

«አመሰግናለሁ አጋታ።»

«ስለ ምኑ?»

እውነቱን ብትመልስ ራሷን ነው የምታጋልጠው። «ስለ ጄሎው» አለች በመጨረሻ። «በደንብ በላሽልኝ።»

«እንደ ሁልጊዜው ነው» አለ ዴልበርት፣ ይሄኛው እንኳ ውሸት አልነበረም።

ማታ ቤት ገብቶ ዴልበርት ነገሩን ሁሉ ለኤልዉድ ነገረው።

«እንግዲህ ገዳዬን አዳንከው ማለት ነው።»

«ምን ላድርግ?»

«ምንም። የሱ ስም ያንተ አይደለም፣ ልክ ነህ።» ብርድ ልብሱን ሳበ። «ግን ያንተ ስም ያንተ ነው። አንዴ ሌሎች አሳተሙት እንጂ አንተ ተናግረኸው ታውቃለህ?»

ዴልበርት ተናግሮት አያውቅም ነበር። መሥሪያ ቤቱ ኤልዉድን የሚያውቀው «ቤት ተጋሪው» ብሎ ነው፤ ለመድኑም ቢሆን ፎርሙን የሞላው አንዲት አፏ የማይፈታ ጸሐፊ ዘንድ፣ በሹክሹክታ ነበር።

ረቂቁ በኮሚቴ በሚታይበት ጠዋት ዴልበርት ሱፉን ለብሶ ምክር ቤቱ ደረጃ ላይ ሲደርስ አንድ ጥቁር የአስከሬን መኪና መጥቶ ቆመ። ሎሬታ ለካ ውጭ ኦርቪል ስታውት ነው፤ ጡረታ የወጣ ቀባሪ። መኪናውን አልሸጠውም። ከኋላ በኩል ቤጎኒያዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ፣ በመጨረሻም ጃኔት፣ ማለት ጠበቃው ትሬቨር፣ ክራቫቱን እያስተካከለ።

«ተቆጥተህ አልነበር?» አለ ዴልበርት።

«አሁንም ተቆጥቻለሁ» አለ ትሬቨር። «ግን የሚያሽከረክረው ኦርቪል ነው፤ ሰው ሊገድልብን ይችላል ብዬ መጣሁ።»

አዳራሹ ውስጥ ሴናተር ሃርግሮቭ የሰብሳቢው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቤጎኒያዎቹ ተሰልፈው ሲገቡ ሲያይ ብርጭቆውን አነሣ፤ ውሃ የለውም።

ምስክር የሚጀምረው በስሙ ነው። «ስሜ ዴልበርት ኪንስለር ነው» አለ ዴልበርት። «ኤልዉድ ፔቲግሩ ከሚባል ሰው ጋር ዕድሜዬን ሁሉ ኖሬያለሁ። እወደዋለሁ። ሕጋችሁ ከጸደቀ ይሞትብኛል። ሌላ የምለው የለኝም።» ስሙን ራሱ ተናገረ፣ ሰማዩም አልወደቀም።

ሌሎቹ ተከተሉ። አንዱ ተነሥቶ ወደ ማይክሮፎኑ በሄደ ቁጥር ሴናተሩ ይገረጣል፤ እያንዳንዱ የራሱን ስም ተናግሮ በተቀመጠ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይገረጣል። መጨረሻ ላይ ኦርቪል ቀረበ።

«ስሜ ኦርቪል ስታውት ነው። ክቡር ሰብሳቢ፣ አባትዎን የቀበርኩት እኔ ነኝ። አምረው ነው የሄዱት። እኔም ከነዚሁ ነኝ።»

«አመሰግናለሁ፣ ሚስተር ስታውት» አለ ሴናተሩ በሰለለ ድምፅ።

«ምን አይደል፣ የኔ ቆንጆ» አለ ኦርቪል በልማዱ።

አዳራሹ ሳቀ፤ ሽማግሌ ሁሉንም የኔ ቆንጆ ነው የሚለው። ያልሳቁት ዴልበርትና ሴናተሩ ብቻ ነበሩ።

ኮሚቴው ድምፅ ሰጠ። እኩል ለእኩል። እኩል ሲሆን የሚወስነው ሰብሳቢው ነው፤ እሱ ካልደገፈ ረቂቁ ይወድቃል። የኮሚቴው ጸሐፊ ብዕሯን ይዛ ጠበቀች። ሃርግሮቭ ዴልበርትን አየው። ዴልበርት አንገቱን አልነቀነቀም፣ አልተቆጣም፣ አልለመነም፤ ያን እሑድ ጄሎውን እንዳየው ዝም ብሎ አየው።

ሴናተሩ መነጽሩን አወለቀ።

«ይነካኛል» አለ።

«ምን አሉ፣ ክቡር ሰብሳቢ?» አለች ጸሐፊዋ።

«ነገሩ ይነካኛል። ድምፅ መስጠት አልችልም።» ተነሣና ግራና ቀኙን አየ። ምክር ቤቱ ወጥ ቤት የለውም። ቢቸግረው በዋናው በር ወጣ።

ደረጃው ላይ አንዲት ጋዜጠኛ ዴልበርትን ደረሰችበት። «ሰብሳቢውን የሚነካቸው ምንድን ነው? ያውቋቸዋል እንዴ?»

«እኔ አላውቅም የኔ ልጅ» አለ ዴልበርት። «እሱን ጠይቂው።»

ሴናተሩ ምሰሶው ሥር ቆሞ ነበር፣ ካፖርቱን ክንዱ ላይ አድርጎ። ካሜራዎቹ ከበቡት። ዴልበርት የሰማው መጀመሪያዋን ብቻ ነው፤ «ስሜ ክሌይተን ሃርግሮቭ ነው» ሲል። የቀረውን አልሰማም፤ የኤልዉድ የእጥበት ሰዓት ደርሶበት ይሮጥ ነበር።

ኤልዉድ ማሽኑ ላይ ሆኖ ሁሉንም አዳመጠ። ዓይኑን በነፃው እጁ ጠረገ፤ ከዚያ ጣራውን እያየ ትንሽ አሰበ።

«እሑድ ይመጣል?»

«የሚመጣ ይመስለኛል። ሌላ የት ይሄዳል?»

«እንግዲያው እውነት መናገር ከተጀመረ ላይቀር» አለ ኤልዉድ፣ «ስለ ጄሎውም አንዳችሁ ንገሩት።»

ዴልበርት ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋ። «እሱን እንኳ እኔ አልችልም» አለ።