ዳክዬዋ የተቀመጠችበት

የወፍጮው መጅ በቦታው ነበር። ወይዘሮ ዘመነች ማታ የተገለበጠው ቅርጫት ላይ እንደጫኑት፣ ጠባብ ጫፉ ወደ ኩሽናው እንደዞረ። ድንጋዩን አውርደው ቅርጫቱን በአንድ በኩል ከፍ አደረጉ። ዳክዬዋ ጭዱ ላይ እንደተቀመጠች አንገቷን አቀናች። ጫጩቶቹ ብርሃኑን ሸሽተው ክንፏ ሥር ተጋፉ።

አንዲት ጫጩት ጎድላለች። ትናንትም እንዲሁ አንዲት ጎድላ ነበር።

«ድንጋይ አውርዶ፣ ጫጩት ወስዶ፣ ድንጋዩን መልሶ የሚጭን አውሬ የለም» አሉ።

ልጃቸው ሶፊ፣ ቤቴል ሰፈር ወዳለው ክሊኒክ፣ ወደ ሥራዋ ልትሄድ ጫማዋን እያሰረች ነበር። «ሸለምጥማጥስ?»

«ሸለምጥማጥ ከመቼ ወዲህ ነው የከፈተውን የሚዘጋው?»

የዳክዬዎቹን ዘር ከቢሾፍቱ አምጥተው ከሳንሱሲ በታች ባለው በዚህ ግቢ ያራቡት ሟች ባለቤታቸው ናቸው። አሁን የቀረችው ይህች አንዲት እናት ናት። ሁለት ጊዜ ፈልፍላ ሁለቴም ጫጩቶቿ አልቀውባታል፤ አንዱን ዙር ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል የሚመጡ ጭልፊቶች ለቀሟቸው፣ ሌላውን ብርድ ጨረሰው። ወንዱን ደግሞ የአሁኖቹን እንቁላሎች ታቅፋ ሳለች መንገድ ላይ መኪና ገጨው። ከእንግዲህ እንቁላል ብትጥል ነፍስ አይኖረውም። እነዚህ ካለቁ ዘሩ አለቀ።

ስለዚህ ወይዘሮ ዘመነች እናቲቱን እንደ አራስ ጠበቋት። በር ዘጉ፣ እንግዳ ከለከሉ፣ ቅርጫቱን በነጠላ ጋረዱ። ጫጩቶች የተፈለፈሉበት ጭድ ላባ እስኪያወጡ አይነካም፤ ወይዘሮ ዘመነችን እናታቸው እንዲህ ነበር ያስተማሯቸው። አልነኩትም።

ጫጩቶቹን ያየ የውጭ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ጎረቤታቸው አቶ በየነ። ቤታቸውን ለማስፋት በገዛ እጃቸው ግንብ ስለሚገነቡ፣ መወጣጫው ላይ ሲቆሙ ግቢው ቁልጭ ብሎ ይታያቸዋል። ጫጩቶቹ በወጡ ማግሥት ከዚያ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ በሏት! ስንት ወለደች?» አሉ።

አቶ በየነ ጴንጤ ናቸው። ማርያምን ለሰው አራስ እንኳ የማይጠሩ ሰው፣ ለዳክዬ ሲሉ ምን ፈልገው ጠሯት? ደግሞስ ስንት ተብሎ ይጠየቃል? ቁጥር ዓይን ይጠራል። ወይዘሮ ዘመነች «እግዚአብሔር የሰጣትን» ብለው ነጠላውን ሳቡ። ጉድለቱ የጀመረው በማግሥቱ ነው።

«እማዬ፣ ጋሼ በየነ ጫጩት ምን ያደርግላቸዋል?» አለች ሶፊ።

«የኛ ሰው ዳክዬ አይበላም። ታዲያ ማን ቀረ?»

«እሳቸው ይበላሉ ያለሽ ማነው?»

«የማይጾም ሰው ምን ይቀረዋል?»

ሶፊ ሳቀች። ወይዘሮ ዘመነች አልሳቁም።

በዚያን ዕለት ሲመሽ አመድ በወንፊት ነፍተው በቅርጫቱ ዙሪያ በተኑ። ዳክዬዋ ሰሞኑን የቅርጫቱን፣ በቤቱ ግድግዳ በኩል ያለውን ዳር ይዛ አልነሳም ብላለች፤ ሲነኳት እፍ ትላለች። «ዓይን ነው፤ ቀልቧን ወስዶታል» አሉና ጫጩቶቹን ሁሉ እንድታቅፍ፣ እንዳለፉት ምሽቶች አንስተው መሃል ላይ አስቀመጧት። መጁን ጫኑ።

ጠዋት አመዱ ላይ ምንም ዱካ የለም። ድመት አልረገጠውም፤ ሰው አልረገጠውም። መጁ በቦታው ነው። ሁለት ጎድለዋል።

ይህ አቶ በየነን ነጻ ሊያወጣቸው ይገባ ነበር። ወይዘሮ ዘመነች ግን ግንቡ ላይ የተደገፉትን ረጃጅም አጣናዎች ተመለከቱ። በአንዱ ጫፍ መንጠቆ ቢታሰርበት ብለው አሰቡ።

«አቶ በየነ!»

«አቤት እትዬ!» አሉ ከመወጣጫው ላይ።

«የወሰዱትን ይመልሱልኝ።»

«ምን ወሰድኩ?»

«ቁጥሩን ጠይቀውኝ አልነበር?»

አቶ በየነ ሥራቸውን አቆሙ። «ይህን ያህል ዘመን አጥር ለአጥር ኖረን በጫጩት ያሙኛል?»

«በዓይንዎ ነው የማማዎት።»

ሰውየው ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ።

ጩኸቱን ሰምታ የወጣችው ሶፊ ቅርጫቱ አጠገብ ተንበረከከች። ዳክዬዋ እንደገና ግድግዳው ሥር ሄዳ ተቀምጣለች። «ለምንድን ነው እዚያው የምትመለሰው?» አለችና በሁለት እጇ አነሳቻት። ዳክዬዋ ነከሰቻት። አንዱ እግሯ ተንጠለጠለ፤ በጣቶቹ መካከል ያለው ስስ ቆዳ ተቀዳዷል፣ አንዱ ጣት እስከ አጥንቱ ተግጧል። ደሙ ደርቆበታል።

ሶፊ ጭዱን ገፈፈች።

«አትንኪው!» አሉ እናቷ።

ከጭዱ ሥር የአይጥ ጉድጓድ ነበር። ከግድግዳው ሥር ተቆፍሮ የመጣ፣ አፈሩ ገና እርጥብ። አፉ ላይ የጫጩት ቢጫ ፀጉር ተጣብቋል።

ወይዘሮ ዘመነች ጉድጓዱ አጠገብ ጎንበስ አሉ። ዳክዬዋ ቀልቧ አልተወሰደም። እየተነከሰች ቀዳዳውን በገላዋ ደፍናው ነበር። በየምሽቱ ከላዩ ያነሷት እሳቸው ናቸው፤ መሸሻ እንዳይኖራትም ቅርጫቱ ላይ መጅ የጫኑባት እሳቸው።

ሶፊ ቤት ገብታ የልብስ ማጠቢያው ባኞ ውስጥ ጨርቅ አንጥፋ እናቲቱንና ጫጩቶቹን አስገባች። «እዚህ ግን አይከርሙም» አለች። «ከሥራቸው የሚነጠፍ፣ አይጥ የማያሳልፍ ወንፊት ሽቦ ያስፈልጋል።»

ሽቦ የት እንዳለ ሁለቱም ያውቃሉ። ከአቶ በየነ መወጣጫ ሥር ተጠቅልሎ ቆሟል።

ወይዘሮ ዘመነች ቆርቆሮው አጥር ሥር ሄደው ቆሙ። «ጋሽ በየነ።»

የሲሚንቶ መፋቂያው ድምፅ ቆመ።

«አይጥ ነው» አሉ።

«እንዲያ ነው?»

«ከሽቦው ቁራጭ ካለዎት...»

ወይዘሮ ዘመነች ሊመለሱ ሲሉ ጥቅል ሽቦ ከቆርቆሮው በላይ ብቅ አለ፤ ሲሚንቶ የለበሱ ሁለት እጆች ይዘውታል። ቀጥሎ የአቶ በየነ ራስ ወጣ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ፊታቸውንም ወደ መንገዱ አዙረዋል።

«ይቀበሉኝ እትዬ። አላየሁም። ስንት ቀሩ ብዬም አልጠይቅም።»

ሽቦው ከባድ ነበር፤ ተቀብለው በደረታቸው ደግፈው አወረዱት።

«አምስት» አሉ ወይዘሮ ዘመነች። «አምስት ናቸው።»

አቶ በየነ ዓይናቸውን አልገለጡም።