ፀሐይ ላይ የተሰጣ ንስር

ያሲር የበረንዳውን በር ሲከፍት የሚስተር ሃንሰን ንስር፣ ከእንጨት የተቀረጸው ማተሚያ፣ ፎጣ ላይ ተሰጥቷል። ከጎኑ ባንዲራው፣ ደወሉና ችቦ የያዘችው ሴትዮ። የዘመናት ቀለማቸው ለቆ የታጠበ መክተፊያ መስለዋል። ንስሩን አነሳው። እንጨቱ ከአንገቱ እስከ ክንፉ ተሰንጥቋል።

"ማነው ውሃ ያስነካው?"

"እኔ ነኛ፣ ሌላ ማን አለ?" አለች እናቱ ዛኪያ ከኩሽና። "በበረኪና ዘፍዝፌ በብሩሽ ፈተግኩልህ። አማና እኮ አደራ ነው፤ ንጹህ ሆኖ ነው የሚመለሰው።"

ስህተቱ የራሱ ነበር። ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ የሚሠራበት የሚስተር ሃንሰን ማተሚያ ቤት መስኮቱ ስለተሰበረ፣ እንዳይሰረቁ ብሎ ቤት ሲያመጣቸው "የሰው አማና ናቸው" ብቻ ብሏታል፤ ውሃ እንደሚያበላሻቸው አልነገራትም። የቀረጿቸው የሃንሰን አያት ናቸው። ሃንሰን ራሳቸው በየዓመቱ ለጁላይ ፎር፣ ለነጻነት በዓሉ፣ በእጃቸው አትመው ለጎረቤት ያድሉ ነበር። ዘንድሮ ሎውሪ ሰፈር አጠገብ ካለ የአረጋውያን መጦሪያ ተኝተው በኦክስጅን ነው የሚተነፍሱት። አንተ አትምልኝ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ አምጣልኝ፣ ላሽትተው ብለውታል።

ሊቆጣት ፈልጎ እጇን አየ። በረኪናው ጣቶቿን ልጧቸዋል። እንጨቶቹን በፎጣው ጠቀለላቸው።

ማተሚያ ቤት ወስዶ ስንጥቁን በገመድ አጥብቆ አሰረው። ቀለም ቀብቶ ወረቀት ጫነበት። እንጨቱ ስለተጣመመ ባንዲራው በግማሽ ወጣ፤ በንስሩ አንገት ላይ ነጭ መስመር አለፈ። ሲደግመው የክንፉ ጫፍ ተገንጥሎ ቀለም መቀቢያው ሮለር ላይ ቀረ። ቁራጩን በመዳፉ ይዞ ቆመ። ሌላ የሚሞክረው አልነበረም።

"የታመመ ሰውማ ሳልጠይቅ አልቀርም" ብላ ዛኪያ ወደ መጦሪያው ሊነዳ ሲል አብራው መኪና ውስጥ ገባች፤ የማንጎ ጁስ ይዛለች። መንገዱን ሁሉ ስለ እድፉ አወራችለት፤ ፈረንጅ እንዲህ ያለ ቆሻሻ እንዴት ያስቀምጣል እያለች።

ሚስተር ሃንሰን የመጀመሪያውን ህትመት ተቀብለው አፍንጫቸው ላይ አስጠጉት። ፈገግ አሉ። ከዚያ አውራ ጣታቸው ነጩ መስመር ላይ ቆመ።

"ወፌን ምን አደረጋችሁት?" አሉ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው።

"ምን አሉ?" አለች ዛኪያ።

ያሲር መጀመሪያ ለሽማግሌው በእንግሊዝኛ መለሰ። እኔ ነኝ ያጠብኩት፣ አላወቅኩም አላቸው። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ።

"ማን አጸዳልህ እያሉ ነው።"

ፊቷ በራ። "ንገራቸዋ። እናቴ ናት በላቸው።"

ሚስተር ሃንሰን ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ደፍተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"ነግሬያቸዋለሁ" አለ ያሲር። ጁሱንም ከእጇ ተቀብሎ ብርጭቆ መፈለግ ጀመረ።